ማን ነገረሽ?

ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ትምህርት ክፍል ስገባ የመጀመሪያው የቤት ሥራችን አንድ ገጽ ነበር። «ቤታችሁ ውስጥ ሲወራ የሰማችሁትን አንድ ታሪክ ጽፋችሁ ኑ» አሉን መምህራችን።

እኔ ስለ አባቴ አያት ጻፍኩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጣሊያን ገደላቸው። አርበኛ ነበሩ። ጤፍ ነጋዴ መስለው፣ አህያ ጭነው፣ ለከተማ አርበኞች መልእክት ይዘው ከደብረ ብርሃን ወጡ። በዚያው ቀሩ። ቤታችን ውስጥ ይህ ታሪክ ሲነሣ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔም በዚያው ስሜት ነው የጻፍኩት። የመጨረሻውን መስመር ስጽፍ እንባዬ መጥቶ ነበር።

በሳምንቱ ወረቀቱ ሲመለስልኝ ማርክ የለውም። ከታች በቀይ እስክሪፕቶ ሁለት ጥያቄ ብቻ ተጽፏል። «ማን ነገረሽ? ለነገረሽስ ሰው ማን ነገረው?»

በጣም ከፋኝ። ቤተሰቤን ውሸታም ያሉብኝ መሰለኝ። ማታ ለአባቴ ደወልኩ።

«አባዬ፣ የአያትህን ነገር ማን ነው የነገረህ?»

ትንሽ ዝም አለ። «እናቴ ናታ። ሌላ ማን ይነግረኛል?»

አያቴ እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አርፋለች። የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ወረቀቱን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። ዛሬም አለኝ።

ታሪክ የገባሁት ፈልጌ አልነበረም። ሕግ ነበር የምፈልገው። ቅጽ ስንሞላ ታሪክን አራተኛ ላይ አስቀመጥኩት፤ እሱው ደረሰኝ። ዘመኑ የ70/30 ዘመን ነው። ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ብቻ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ መንግሥት የወሰነበት ጊዜ። ስለዚህ እኛ 30ዎቹ ውስጥ የገባነው ልጆች ገና ከመጀመሪያው የተረፍን ነገር እንደሆንን ይሰማን ነበር። ጎረቤቶቻችን እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ መጡና ምን እንደደረሰኝ ሲሰሙ ቡናቸውን ዝም ብለው ጠጡ። አንዷ ብቻ አላስቻላትም። «ታሪክ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ከልቧ አዝናልኝ ነው።

አባቴ ምንም አላለም። ልሄድ ስል ከፋብሪካው አዲስ ብርድ ልብስ ገዝቶ ሰጠኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ ልብስ ሳይዝ ከቤት አይወጣም። እስከ አዲስ አበባ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ታቅፌው ሄድኩ።

ከመነሃሪያ ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። ወያላው «ስድስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ» ሲል ሰምቼ ነው የገባሁት። ወረድኩ። የዩኒቨርሲቲው በር ላይ የፎቶ ኮፒ ቤቶች ተደርድረዋል። ሊስትሮዎች፣ የጀበና ቡና፣ ማስቲካና ሶፍት የሚሸጡ ልጆች። መሀል አደባባዩ ላይ ከፍ ብሎ የሰማዕታቱ ሐውልት ቆሟል። ማዶ አንበሳ ግቢ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት ላይ አንበሳ ሲያገሣ ሰምቼ አልጋዬ ላይ ተነሥቼ ቁጭ ማለቴ ትዝ ይለኛል። ደብረ ብርሃን ሌሊት የሚጮኸው ጅብ ነው። የንጉሥ ከተማ የገባሁት ያን ሌሊት ይመስለኛል።

እኚያ ባለ ቀይ እስክሪፕቶ መምህራችን ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ከክፍል አውጥተው ደጅ አስተማሩን። ወደ ራስ መኮንን አዳራሽ ይዘውን ሄዱ። ሕንጻው ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ ያሉበት ነው። ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ፊት ለፊቱ ወደ ሰማይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። የትም አያደርስም። አናቱ ላይ አንበሳ ቆሟል። ፎቶ ለመነሣት የምንሽቀዳደምበት ቦታ ነው።

«ቁጠሩት» አሉን። ቆጠርን። ከዚያ ነገሩን። ደረጃውን ያሠሩት ፋሺስቶች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን እነሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዙ በኋላ ያለፈ አንድ ዓመት ነው። ዓመት ባለፈ ቁጥር ከፍ ሊል ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ደረጃው ቀረ፤ የእኛ አንበሳ ላዩ ላይ ወጣበት።

«ለምን ያላፈረሱት ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁን። መልሱን አልነገሩንም። ከሦስት ዓመት ትምህርቴ ውስጥ ይህንን የሚያህል ትምህርት ብዙ አላገኘሁም። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ደረጃ ፊት ቆምን። ማን ሠራው፣ ለምን ሠራው፣ ማን ተወው፣ እኛስ ሳናውቅ ስንት ጊዜ ሳቅን ፎቶ ተነሣንበት?

እዚያው ቆመን ስለ የካቲት 12 አወሩን። ገነተ ልዑል ያኔ የግራዚያኒ መቀመጫ ነበር። የጣሊያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ተወለደለትና ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ግቢው ውስጥ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ውስጥ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። የሞተው ሰው ስንት ነው የሚለው ግን ዛሬም አንድ መልስ የለውም። የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ብሎ ነው ያቀረበው። ቆየት ብሎ የተሠራ ጥናት ወደ 19 ሺህ ያደርሰዋል። መምህራችን ሁለቱንም ቁጥር ነገሩንና «ትንሹን የመረጠ ባንዳ አይደለም፤ ትልቁን የመረጠም የበለጠ አገር ወዳድ አይደለም። ከየት አመጣኸው ነው ጥያቄው» አሉ። የሰውን ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነውር ይመስለኝ ስለነበር ይህ አባባል ለብዙ ጊዜ ውስጤ ሲመላለስ ቆየ።

ያ ግቢ እንዲህ ነው። የትም ብትረግጥ አንድ ነገር የሆነበት መሬት ነው። ታኅሣሥ 1953 በነመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ፣ እዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ የታገቱ ባለሥልጣናት በጥይት ተደበደቡ። ዓመት ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 1954 ላይ፣ ንጉሡ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ከዚያ በፊት አራት ኪሎ ላይ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በሉሲየን ማት መሪነት ከ1943 ጀምሮ ሲሠራ የነበረ ኮሌጅ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ስጦታ ሁሉን ለወጠው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ልጆች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ጎዳና ወጡ። ታኅሣሥ 1962 ላይ የማኅበራቸው ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። እኛ ይህን ሁሉ መሬት በጠዋት እያቋረጥን፣ ዳቦ በእጃችን ይዘን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ያለውን ፈተና እያሰብን እናልፋለን።

ስለ ዶርማችን ላውራ። ስምንት ነበርን። ከጎንደር፣ ከአሰላ፣ ከአድዋ፣ ከሆሳዕና፣ ከጅማ። ሶሲዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ቋንቋ የሚማሩ። ታሪክ የማጠናው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ ማታ ክርክር ሲነሣ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። ዳኛ ሁኚ ይሉኛል። የክርክሩ ርዕስ ብዙ ጊዜ ምኒልክ ነበሩ። የአንዷ አያት ስማቸው ሲነሣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይመርቃሉ። የሌላዋ አያት ስማቸው ሲነሣ ያለቅሳሉ። ሁለቱ ልጆች ደግሞ አንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ ከላይና ከታች ነው የሚተኙት። ጠዋት አንዷ የሌላዋን ፀጉር ትሠራላታለች።

አንድ ማታ ክርክሩ ከረረ። ልቅሶ ሁሉ ነበረበት። እኔ ምንም የምለው ስላልነበረኝ ያንን ጥያቄ ጣልኩት። «ማን ነገረሽ?» አልኳት የአሰላዋን ልጅ። «አያቴ» አለች። «ለእሷስ?» «እናቷ።» ወደ ጎንደሯ ዞርኩ። «አንቺንስ?» «አያቴ።» «ለእሳቸውስ?» ቆም አለች። «እንጃ። ትምህርት ቤት ይሆን?»

ይህ ጥያቄ አላስታረቃቸውም። እንዲያውም የአሰላዋ ልጅ ተቆጣችኝ። «የአያቴን እንባ በምንጭ ልትለኪው ነው?» አለችኝ። ልክ ነበረች። እኔም በቀይ እስክሪፕቶው ቀን ያለቀስኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ግን ለእረፍት ስንበተን ሁለቱም ጠይቀው መጡ። የአሰላዋ ልጅ ከአያቷ የቦታ ስሞች ይዛ መጣች። የወንዝ ስም፣ የጎሳ ስም፣ ማን ከማን ጋር እንደተጋባ። ድሮ «ጨረሱን» ብቻ ትል የነበረችው ልጅ አሁን ማን፣ የት፣ መቼ ትላለች። ታሪኩ አልቀለለም። ከበደ። የጎንደሯ ልጅም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታቋርጣት ሰማቻት።

ስለ ግቢው ጥሩ ጥሩውን ብቻ ማውራት ግን ትክክል አይሆንም። ብዙው ትምህርታችን እንዲህ አልነበረም። 80 ሰው በተጨናነቀበት ክፍል ከዓመታት በፊት የተዘጋጀ ሃንድአውት እየተነበበልን ነው የጻፍነው። ፈተናው ከዚያው ሃንድአውት ይወጣል። ያንኑ ቃል በቃል የመለሰ ይሰቅላል። ሰቃይ የሚባሉት ልጆች ጎበዞች ነበሩ፤ ግን አንዳንዶቹ አንድም መጽሐፍ ሳይከፍቱ ተመረቁ። እኔም ራሴ በአንድ ኮርስ በሙሉ ከፎቶ ኮፒ ቤት በገዛሁት ያለፈው ዓመት ፈተና አልፌያለሁ። ያ ኮርስ ዛሬ ስሙ እንኳ ትዝ አይለኝም።

ሌላው ያስቆጨኝ ነገር በዲፓርትመንቶች መካከል ያለው ግድግዳ ነው። ሥነ ጽሑፍ መማር እፈልግ ነበር። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ጎረቤታችን ነው፤ ስናልፍ የመሰንቆና የፒያኖ ድምፅ እንሰማለን። ግን ፕሮግራሙ አይፈቅድም፣ ክሬዲቱ አይያዝም ይባላል። የታሪክ ተማሪ ታሪክ ይማራል፣ አለቀ። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁሉ ነገር እየተማረ ያለ ሰው አጠገብ ተቀምጠህ የራስህን ብቻ ይዘህ መውጣት ብክነት ነው። መደባለቁን ያገኘነው በራሳችን ነው፤ በላውንጅ፣ በዶርም፣ በኬኔዲ ላይብረሪ ደረጃ ላይ።

ከሌላ ክፍል የወሰድኩት አንድ ኮርስ ግን ነበር፤ ፍልስፍና። እዚያ ነው ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ የሰማሁት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ፣ የተነገረውን ሁሉ በልቡናው እየመረመረ የጻፈ የአክሱም ሰው። ከአፍ እስከ ገደፉ የእኔ ጥያቄ ነው፤ ማን ነገረህ፣ እሱስ ከየት አወቀ? ሌላው ካናዳዊ ክላውድ ሰምነር እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ሲያስተምሩ ይህን ሥራ ለዓለም አሳወቁት። በጣም ኮራሁ። ቀጥሎ ደግሞ ሌላውን ሰማሁ። እ.ኤ.አ. በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የተባለ ጣሊያናዊ ምሁር መጽሐፉን የጻፈው ዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ካህን ነው አለ። ክርክሩ ዛሬም አልቆመም። ስለ መጠየቅ የተጻፈው መጽሐፍ ራሱ ማን ጻፈህ ተብሎ ይጠየቃል። ስሰማ ተናድጄ ነበር። ከኩራቴ ላይ እጃቸውን እንዲያነሱልኝ ነበር የፈለግኩት። ቆይቶ ግን ሐተታውን ከልቡ የወደደ ሰው ይህን ጥያቄ ሊፈራ እንደማይገባው ገባኝ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲኒየር ኤሴይ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችን፣ መጣ። የመረጥኩት ርዕስ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ነው። ከግቢው በር ወጥተህ ወደ እንጦጦ ሽቅብ በእግር የምትደርስበት ሰፈር ነው። አገር ያውቀዋል፤ የሐበሻ ቀሚስ የሚገዛበት ነው። ሱቆቹን ሁሉም ያውቃል። ከሱቆቹ ጀርባ ያለውን ግን ብዙ ሰው አያየውም። ጠባብ የጭቃ ቤት፣ መሬት ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚልክ ሰው። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ የመጡ ናቸው። አገር የሚያጌጥበትን ልብስ እየሠሩ «ቁጢት በጣሽ» ተብለው የተሰደቡ ሰዎች ናቸው።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አባባ እላቸው ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ቀን ጥያቄዬን በወረቀት ጽፌ ነበር የሄድኩት። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው አዲስ አበባ የመጡት?» አልኳቸው። ሳይቀየሙኝ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ እኔ ዓመተ ምሕረት አልቆጠርኩም። የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ነው። ገና ልጅ ነበርኩ። ጥይቱ ከታች ከቤተ መንግሥት ሲንጣጣ ድሩ ሥር ገብቼ ተኛሁ። አጎቴ በላዬ ላይ ጋቢ ጣለብኝ።»

እጄ እየተንቀጠቀጠ ጻፍኩ። አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ የሆነውን በመጽሐፍ ነበር የማውቀው። አሁን ከኮረብታው ላይ፣ ከሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ የሰማው ሰው አገኘሁ። ለአድቫይዘሬ ስነግራቸው ደስ አላቸው። አድቫይዘሬ እኚያው ባለ ቀይ እስክሪፕቶ ናቸው። «ሌላስ ማን ነበር?» ብቻ አሉኝ።

ሌላ ሽማግሌ ፈልጌ አገኘሁ። አብሮ አደጋቸው ናቸው። በአንድ ጭነት መኪና ላይ አብረው ነው ከአገር የወጡት። «መቼ ነው?» አልኳቸው። «የእንግሊዝ ንግሥት የመጣች ጊዜ» አሉኝ። «ጃንሆይ መንገዱን ሁሉ ባንዲራ አልብሰውት አየን። የከተማ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚኖረው ብለን ነበር።» ንግሥት ኤልሳቤጥ የመጡት በ1957 ነው። ከታኅሣሡ ግርግር አራት ዓመት በኋላ።

ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአንድ መኪና ከመጡ አንዳቸው ተሳስተዋል። ሦስተኛ ሰው ጠየቅኩ፤ እሳቸውም የንግሥቲቱ ጊዜ አሉ። ወደ አባባ ተመለስኩ። ቡና ተፈላ። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ድረስ ጥያቄውን አፌ ላይ ይዤ ዋልኩ። በመጨረሻ እንደምንም ብዬ «አባባ፣ የጥይቱን ነገር… ማን ነግሮዎት ይሆን?» አልኳቸው።

«ማን ይነግረኛል? እኔ ራሴ ነበርኩ እንጂ።»

መወርወሪያውን አስቀመጡ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። «አጎቴ ነው እንዴ?» አሉ፤ እኔን አይደለም፣ ራሳቸውን። «አጎቴ ማታ ማታ ያወራልኝ ነበር። ድሩ ሥር የተኛው… አጎቴ ይሆን?» እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ጉድጓዱ ተመለከቱ። አንድ ሰው 50 ዓመት የኖረበትን ነገር ከፊቱ የነጠቅኩት መሰለኝ። ደብተሬን ዘግቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ምን አጠፋሽና» አሉኝ። «ጋቢው ግን እውነት ነው። አሁንም አለ።» ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። አርጅቶ ሳስቷል። የአጎታቸው ሥራ ነው።

ድርሰቱ ውስጥ ሁለቱንም ጻፍኩ። አባባ የመጡት ወደ 1957 ገደማ እንደሆነ፣ የታኅሣሡን ጥይት ግን እንደ ራሳቸው ትዝታ እንደሚያወሩት፣ የሰሙት ከአጎታቸው ሊሆን እንደሚችል። አድቫይዘሬ ይህን አንቀጽ አንብበው ዳር ላይ ምንም አልጻፉበትም። ባዶውን ነው የመለሱልኝ። ከእሳቸው ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና ያ ባዶ ዳር ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ዶርማችንን በሌላ ዓይን ያየሁት። ማናችንም ምኒልክን አላየንም። ግን ሁላችንም ያየን ያህል ነበር የምንናገረው። የአጎታችንን ጥይት ራሳችን ሰምተነዋል። አያቶቻችን በላያችን የጣሉትን ጋቢ ለብሰን ነው የምንከራከረው። ጋቢው ሐሰት አይደለም። የማን ሥራ እንደሆነ ማወቅ ግን አለብን። እኔ ከስድስት ኪሎ ይዤው የወጣሁት እውቀት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተራግፏል።

ሐምሌ 2004 ተመረቅኩ። ሰባት ወር ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። የጎረቤታችን ጥያቄ በእነዚያ ወራት በየጠዋቱ ይቀሰቅሰኝ ነበር። በመጨረሻ ኢንሹራንስ ውስጥ፣ የካሳ ጥያቄ በሚመረመርበት ክፍል ተቀጠርኩ። መኪና ተጋጨ፣ ሁለት ሹፌር ሁለት ታሪክ ይዞ ይመጣል። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ማን አየ፣ ከየት ሆኖ አየ፣ ማን ነገረው። አለቃዬ ይህን የት ተማርሽው አለኝ። ሸማኔ ቤት አልኩት።

2012 ላይ ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የፍሬሽማን ዓመት በዚያው ጊዜ ነው የተመለሰው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ጂኦግራፊ፤ ኢንጂነር የሚሆነውም የሚቀምሰው አንድ ዓመት። በጣም ቀናሁ። ያ የናፈቀኝ መደባለቅ ነው። የታሪኩ ኮርስ ግን ገና ሞጁሉ ሳይወጣ አገር ተጨቃጨቀበት። የእኛ ዶርም አገር አክሎ ተነሣ ማለት ነው። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ልጁ ወደ ቤት ተመለሰ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስልካችን በየሰዓቱ የሚጮኽበት ጊዜ። ቪዲዮ፣ ፎቶ፣ «አሁን የደረሰን» የሚል ድምፅ። ወንድሜ እያለቀሰ አንዱን ያሳየኛል። «ማን ላከልህ?» እለዋለሁ። «ጓደኛዬ።» «ለእሱስ?» ይናደድብኛል። ልቤ የተሰበረ ጊዜ ይህን ትጠይቂኛለሽ ይለኛል። የአሰላዋ ልጅ ትዝ ትለኛለች። ቢሆንም እጠይቀዋለሁ። አንድ የአድዋ ልጅ አልጋዋ ከእኔ አልጋ ትይዩ ነበር፤ በዚያ ሁለት ዓመት ስልኳ አልሠራም። ስለ እሷ አገር የተነገረኝን ሁሉ ማን ነገረኝ ሳልል ባምን ኖሮ ዛሬ ስታገኘኝ ዓይኗን ማየት አልችልም ነበር።

ባለፈው ዓመት ለትንሣኤ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። የአባቴ ታላቅ እህት አለች። አሁን ዓይኗ ደክሟል። ልጆቹ ወጥተው ሁለታችን ብቻ ቀረን። ምን እንዳነሣሣኝ አላውቅም፤ የቅድመ አያቴን ነገር አነሣሁባት። ያቺን አንድ ገጽ ነገርኳት። ቀይ እስክሪፕቶውንም።

«አርበኛ ብለሽ ጻፍሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «አህያም አልነበረው፤ ጤፍም አልነበረው። ያ ዓመት ክፉ ነበር። ልጆቹን የሚያበላው አጥቶ ነው ከተማ የወጣው። ጣሊያን ለድሃ ብር ይሰጣል ሲባል ሰማና ሄደ። ግቢው ውስጥ ለምጽዋት ነበር የተሰለፈው።»

የትኛው ግቢ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ዳቦ ይዤ ያቋረጥኩት ነው።

«እትዬ፣ ማን ነገረሽ?»

«እናቴ። ልትሞት ስትል። አባቷን ለማኝ ሆኖ ሞተ እንዳይሉት ብላ ነው አርበኛ ያደረገችው። ለአባትሽ እንኳ እንዳልነግር አስምላኝ ነበር።»

ደብተር ይዤ ነበር። አላወጣሁትም። ዓመት ሙሉም አልጻፍኩትም። ባለፈው ሳምንት ደውዬ «እትዬ፣ ልጻፈው?» አልኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «እርቦት እንደነበር ጻፊ» አለችኝ።